ጥርስ ጌጥ ነው ያለው ማነው?

በ2003 ዓ.ም. ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር መድኑ የማይከፍልባቸው ነገሮች ተለይተው ተጽፈው ነበር። ከነዚያ አንዱ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው። ከማን ጋር የተቀመጠ ይመስላችኋል? ከፕላስቲክ ሰርጀሪ ጋር! ማለትም መልክን ለማሳመር ከሚደረግ ቀዶ ሕክምና ጎን። ምክንያቱ ደግሞ ያው ነው፤ ጥቅሙ በአብዛኛው ለውበት ነው ተባለ። እንግዲህ ልብ በሉ። የ70 ዓመት ገበሬ ጥርሱ አልቆ ዳቦ መግመጥ ቢያምረው ሊሽሞነሞን ፈልጎ ነው ማለት ነው። አፏ ባዶ የቀረ አሮጊት ጎመኗን አላምጣ ልትውጥ ብትመኝ የቁንጅና ውድድር ልትገባ ኖሯል! ይህን መስመር የጻፈው ባለሙያ 32ቱም ጥርሱ በቦታው እንደነበረ ለማወቅ ጠንቋይ መቀለብ አያስፈልግም።

ይህቺን አንዲት መስመር ያነሣሁት ለመነታረክ ብዬ አይደለም። መስመሯ የምትነግረን ነገር ስላለ ነው። በጤና አስተዳዳሪዎቻችን አስተሳሰብ አፍ የሰውነት ክፍል አይደለም። ልብ አለ፣ ሳንባ አለ፣ ኩላሊት አለ፤ ከከንፈር ወደ ውስጥ እስከ ጉሮሮ ያለው ግን ባለቤት የለውም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የጤና ፖሊሲ መከላከልን ያስቀደመ ነው ተብሎ ስንት ዘመን ተዘመረለት። መልካም። ታዲያ በሰው አካል ላይ ከአፍ ይበልጥ በቀላሉ፣ በትንሽ ገንዘብ፣ በየቀኑ ሊከላከሉለት የሚቻል ምን አለ?

ጉዳቱ ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ጧሪ ቀባሪ አጥተው በመጦሪያ ተቋማት በሚኖሩ አረጋውያን ላይ ነው። ቤቱ ያለ ሽማግሌ ጥርሱ ቢያልቅ ልጁ እንጀራውን በወጥ ታርስለታለች፣ ምራቱ ገንፎ ታገነፋለታለች፣ የልጅ ልጁ «አባባ አፍህ ሸተተ» ብሎ ፊት ለፊት ይነግረዋል። ሕፃን አያፍርም። በመጦሪያ ውስጥ ግን ድስቱ አንድ ነው። ለመቶ ሰው የተሠራው ወጥ 32 ጥርስ ላለውም፣ 3 ለቀረውም፣ ድዱ ለቆሰለውም ያው ወጥ ነው። መብላት ያቃተው ሰው ደግሞ አይጮኽም። አረጋዊ ይሉኝታ አለበት፤ በሰው ምጽዋት የሚኖር አረጋዊ ይሉኝታው እጥፍ ነው። «ጠገብኩ» ይላል፤ ሳህኑ ይነሣል፤ አለቀ።

በአንድ የፋሲካ ዕለት ከጓደኞቼ ጋር ወደ አንድ መጦሪያ ሄጄ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ መንግሥት የተወውን ሥራ የያዙ ሰዎችን በጋዜጣ ማሳጣት ነውር ነውና። በረድፉ ጫፍ የተቀመጡ አንዲት እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው ነው የሚበሉት። ዶሮ ወጡ ሲደርሳቸው እንጀራውን መረቁ ላይ ነካ ነካ አደረጉና ሥጋውን ለጎናቸው ላሉት ሴትዮ አሳለፉ። ጓደኛዬ «ምነው እማማ፣ አልጣፈጥዎትም?» ቢላቸው «ኧረ ይጣፍጣል ልጄ፤ እኔ ጾም ላይ ነኝ» አሉት። በፋሲካ ቀን! ሁላችንም ዝም አልን። ኋላ ተንከባካቢዋ እንደነገረችን እማማ የቀሯቸው ጥርሶች 4 ናቸው፤ 2ቱ ይነቃነቃሉ፣ ሲነኩ ያማቸዋል። የደም ግፊታቸው በየሳምንቱ ይለካል። አፋቸውን ግን ከገቡ ጀምሮ አስከፍቶ ያየ ሰው የለም።

ይህን የምጽፈው ተንከባካቢዎቹ ላይ ድንጋይ ለመወርወር እንዳይመስልብኝ። ማለዳ ተነሥተው ሽንት የነካውን አንሶላ የሚቀይሩ፣ እግሩ የማይታዘዘውን አዛውንት አቅፈው የሚያነሡ፣ ቁስል የሚያጥቡ፣ ብዙዎቹም በነጻ ወይም ከነጻ በማይሻል ደመወዝ የሚሠሩ ናቸው። ቢንያም በለጠ ጥቂት ሰዎችን ከጎዳና አንሥቶ የጀመረው መቄዶንያ ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ያኖራል። ይህ በሕዝብ መዋጮ የቆመ ሥራ ነው። የኔ ጥያቄ ለሌላ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን ለመርዳት ሀብት ይመድባል ይላል። አቤት ይህቺ «አቅም በፈቀደ መጠን» የምትባል ሐረግ ስንት ነገር ዋጠች! አቅም ለስብሰባ አበል ይፈቅዳል፤ ለመድረክ ማስጌጫ ይፈቅዳል፤ የጥርስ ብሩሽ ጋ ሲደርስ ነው የሚያልቀው።

«ጥርስ የሌለው ሰው አልሞተም፤ አገሪቱ ስንት ችግር እያለባት አንተ ስለ አሮጊት ጥርስ ታወራለህ?» የሚለኝ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ላስረዳ።

ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ ካትሪን አቺሰንና ቴሬሳ ዶላን፣ በ1990 እ.ኤ.አ. የአረጋውያንን የአፍ ጤና የሚመዝን መጠይቅ አወጡ። ጥያቄዎቹ 12 ናቸው። ከ12ቱ አንዱም «ስንት ጥርስ አለዎት?» አይልም። የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ በአፍዎ ምክንያት የሚበሉትን ምግብ ቀንሰዋል ወይ? ሲውጡ ይመችዎታል ወይ? እንደልብዎ መናገር አቅቶዎታል ወይ? ሰው ፊት መብላት ያሳፍርዎታል ወይ? ከሰው ጋር መገናኘት ትተዋል ወይ? እያለ ይሄዳል። መጠይቁ ከዚያ ወዲህ በብዙ ቋንቋ ተተርጉሞ በብዙ አገር ሠርቷል። እኛ ዘንድ ብንጠይቀውማ መልሱ የባሰ ይሆን ነበር። ምክንያቱም የኢትዮጵያዊ ኑሮ ራሱ በአፍ በኩል ነው የሚያልፈው። ከአንድ ትሪ እንበላለን። እንጎራረሳለን። ቡና ሲፈላ ቁርሱ ቆሎ ነው። ሽማግሌ የሚከበረው ተናግሮ ነው፤ መርቆ፣ ተርቶ፣ አስታርቆ። የፊት ጥርሱ የወለቀ ሰው «ሰ» ን እና «ፈ» ን በትክክል ማውጣት ይቸግረዋል፤ አንድ ሁለቴ «ምን አሉ?» ከተባለ በኋላ መናገር ይተዋል። ጉርሻ ሲቀርብለት ፊቱን ያዞራል። ሳቁን በእጁ ይሸፍናል። ከዚያ «አባባ ዝምተኛ ሆኑ» ይባላል። ዝምተኛ ሆነው ነው? አፋቸውን አሟቸው እኮ ነው!

ሌላም አለ። ለደም ግፊት፣ ለጭንቀት፣ ለአለርጂ የሚሰጡ ብዙ መድኃኒቶች ምራቅ ያደርቃሉ። ምራቅ ተራ ውኃ አይደለም፤ ጥርስን ከመበስበስ የሚጠብቅ፣ ምግብን የሚያወርድ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስንም ከድድ ጋር የሚያጣብቅ እሱ ነው። ምራቅ ሲደርቅ፣ ድዱም በዕድሜ ሲሸሽ፣ የተራቆተው የጥርስ ሥር ይበሰብሳል። እጁ የሚንቀጠቀጥ ወይም ስትሮክ አንድ ጎኑን የያዘው ሰው ብሩሽ ቢሰጡትም አይጨብጥም። የመርሳት በሽታ ያለበት ደግሞ ጥርሱን ማጠብ እንዳለበት ራሱ ይረሳል፤ ሲያመውም የት ጋ እንዳመመው መናገር አይችልም። ይጮኻል፣ ምግብ ይገፋል፣ ይማታል። አስቸጋሪ ሆነ ተብሎ ማስተኛ ይሰጠዋል። ማስተኛው ምራቁን ጨርሶ ያደርቀዋል።

አሁን ወደ ሞቱ እንምጣ፤ «አልሞተም» ተብሏልና። ዮኔያማ የተባሉ ጃፓናዊ የጥርስ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በ11 የጃፓን መጦሪያዎች የሚኖሩ አረጋውያንን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። ለአንደኛው ወገን ተንከባካቢዎች ከየምግቡ በኋላ አፉን ያጸዱለታል፣ የጥርስ ባለሙያም በሳምንት አንድ ቀን ያየዋል። ሁለተኛው እንደ ወትሮው ይኖራል። ሁለት ዓመት ተከታተሏቸው። የመጀመሪያው ዘገባ በ1999፣ ሙሉው ደግሞ በ2002 እ.ኤ.አ. ወጣ። የሳንባ ምች እንደ ወትሮው ከነበሩት 19 በመቶውን ሲይዝ አፋቸው ከተጸዳላቸው የያዘው 11 በመቶውን ነው። በሳንባ ምች የሞቱትም 16 በመቶ እና 7 በመቶ ናቸው። ነገሩ ተአምር አይደለም። ባልጸዳ አፍ ውስጥ ጀርም ይራባል፤ አረጋዊው ሲተኛ ጀርሙን የያዘው ምራቅ ሾልኮ ወደ ሳንባ ይወርዳል፤ ወጣት ቢሆን ስሎ ያወጣው ነበር፣ እሱ ግን የመሳልም አቅም የለው። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ የጃፓን ጥናት ደግሞ 524 በጣም የገፉ አረጋውያንን ተከታትሎ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን ሳያወልቁ የሚተኙት በሳንባ ምች የመያዝ አደጋቸው ከእጥፍ በላይ ሆኖ አግኝቶታል። ሌሊት አውልቆ ውኃ ውስጥ ማስቀመጥ! ይህ ስንት ብር ይጠይቃል?

የሚያመቸኝን ብቻ መርጬ አላቀርብም። በአሜሪካ ኮኔቲከት ግዛት በ36 መጦሪያዎች 834 ሰዎች የተካፈሉበት ሙከራ ነበር። በቀን ሁለቴ ጥርስና ድድ መቦረሽ፣ አፍ በመድኃኒት ማጽዳት፣ ሲበሉ ቀና አድርጎ ማስቀመጥ። ውጤቱ በ2015 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የሳንባ ምችን አልቀነሰም፤ ሙከራውም ሳያልቅ እንዲቆም ተደርጎ ነበር። ስለዚህ ብሩሽ ብቻውን ሞትን ይመልሳል ብሎ የሚምል ካለ አትመኑት። ግን እስቲ እንነጋገር፤ ገላ ማጠብ ዕድሜ ይጨምራል የሚል ጥናት እስኪወጣ ጠብቀን ነው እንዴ አረጋውያንን ገላ የምናጥባቸው? የሸተተ፣ የቆሰለ፣ የደማ አፍ ይዞ መዋል በራሱ ሥቃይ ነው። የሚያስቆመው ሌላ ምክንያት አያስፈልገውም።

«ይሄ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው» የሚሉም አሉ። ሀብታሞቹ ጋ ሄደን እንይ። በእንግሊዝ በ2016 እ.ኤ.አ. ለመጦሪያዎች መመሪያ ወጣ፤ ነዋሪው ሲገባ አፉ ይታይ፣ የሚያስፈልገው በመዝገቡ ይጻፍ፣ ጥርሱ በቀን ሁለቴ ይቦረሽ፣ ሰው ሠራሽ ጥርሱም በየቀኑ ይጽዳ ይላል። ከሦስት ዓመት በኋላ የአገሪቱ የእንክብካቤ ጥራት ኮሚሽን 100 መጦሪያዎችን ዞሮ አየ። ስለ አፍ ጤና የተጻፈ የአሠራር ደንብ የሌላቸው 52 በመቶ፣ ለሠራተኞቻቸው ምንም ሥልጠና የማይሰጡ 47 በመቶ ሆነው ተገኙ። ከታዩት የእንክብካቤ መዝገቦች 73 በመቶዎቹ አፍን ወይ በከፊል ነክተዋል ወይ ጨርሶ አልነኩም። ገንዘብም መመሪያም ባለበት አገር ማለት ነው። ይህ ለእኛ መጽናኛ ሳይሆን ማስጠንቀቂያ ነው። የጎደለው ገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንግሊዝ አይጎድልባትም ነበር። የጎደለው «ይሄ የኔ ሥራ ነው» የሚል ሰው ነው። ነርሷ የጥርስ ሐኪሙ ሥራ ነው ትላለች፤ የጥርስ ሐኪሙ መጦሪያ ውስጥ የለም፤ ተንከባካቢዋ ማንም አላዘዛትም፤ አስተዳዳሪው የሚጠየቀው ስለ አልጋና ስለ እህል ነው።

ቁጥጥር ሲኖር ምን እንደሚመስል ያገራችን ልጆች ራሳቸው ያውቁታል። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ሲኤንኤ ሆነው የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። የሰው ሰው አፍ እንዴት እንደሚጸዳ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ እንዴት እንደሚታጠብ ተምረው፣ ተፈትነው ነው የገቡት። የፌዴራል ደንቡ አፍን ማጽዳት ከገላ ማጠብና ልብስ ከማልበስ እኩል የተቋሙ ግዴታ አድርጎ ይዘረዝረዋል። ሰው ሠራሽ ጥርሱ የጠፋበት ወይም የተሰበረበት ነዋሪ በ3 ቀን ውስጥ ወደ ጥርስ ሐኪም እንዲመራም ያዛል። (እዚያም ቢሆን ሁሉም አልተሟላም። ሜዲኬር የሚባለው የሽማግሌዎች መድን ከተቋቋመበት ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተለመደውን የጥርስ ሕክምናና ሰው ሠራሽ ጥርስን አይሸፍንም። የእኛ መድን ጸሐፊዎች ብቻቸውን አይደሉም።) እንግዲህ አስቡት፤ ያቺ ልጅ በስምንት ሰዓት ሥራዋ የስንት ባዕድ አሮጊት ጥርስ ቦርሻ፣ ደክሟት ወደ አዲስ አበባ ስትደውል እናቷ «የኔ ልጅ፣ ጥርሴን እያመመኝ ነው» ይሏታል። ዶላር ትልካለች። ዶላሩ ጥርሱን ያስነቅላል። መንቀል ነው የምናውቀው፤ መተካቱ ውበት ነዋ!

እኛ ዘንድ ያለ ነገር ደግሞ የለም አይደለም። መፋቂያን ማን አስተማረን? የወይራ እንጨት አፉን ሲፍቅ ያረጀ ባላገር ጥርሱ እስከ መቃብር አብሮት የሚሄድበት ጊዜ ብዙ ነው። በመጦሪያ ውስጥ ያሉት ብዙዎቹ አረጋውያን ብሩሽ ሳይሆን መፋቂያ ለምደው ያደጉ ናቸው፤ እጃቸው ለሚታዘዝላቸው እሱኑ ማቅረብ ይቻላል። እጃቸው ለማይታዘዝ ሰው ያስፈልጋቸዋል። ጥርስ ለሌለው በንጹሕና እርጥብ ጨርቅ ድዱንና ምላሱን መጥረግ ነው። ሰው ሠራሽ ጥርስ ላለው ስሙ የተጻፈበት መክደኛ ያለው ኩባያ፤ አለበለዚያ ጥርስ ከጥርስ ይቀላቀላል፣ ያንዱ ላንዱ ይሰጣል። የጥርስ ሐኪሞቻችን ከሕዝቡ ብዛት አንጻር እጅግ ጥቂት ናቸው፤ እነሱም በከተማ ተከማችተዋል። ነገር ግን የጥርስ ሕክምና የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎች አሉን፤ አዲስ አበባም ጅማም ያስተምራሉ። ተማሪዎቹ ለልምምድ አፍ ይፈልጋሉ፤ መጦሪያዎቹ ውስጥ በመቶ የሚቆጠር አፍ ሐኪም ይፈልጋል። ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤውን የሚጽፍ ቢሮ ግን ደብዳቤው የሱ ሥራ መሆኑን የሚነግረው ያስፈልገዋል፤ ለዚህ ነው መጦሪያ የሚፈቅደውና የሚቆጣጠረው አካል ፈቃድ ሲያድስ ሦስት ነገር ይጠይቅ የምለው። አዲስ ገቢ ሲመጣ አፉን የሚያየው ማነው? በየቀኑ የሚያጸዳለት ማነው? ያመመው ዕለት የሚወሰደው የት ነው? መልሱ የሰው ስም መሆን አለበት፤ «ክፍሉ»፣ «ኮሚቴው» የሚባል አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2021 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ጉባኤ ስለ አፍ ጤና ውሳኔ አሳለፈ። በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ሪፖርት የአፍ በሽታ 3.5 ቢሊዮን ሕዝብ እንደሚያጠቃ፣ ዕድሜያቸው 60ና ከዚያ በላይ ከሆኑት መካከል 23 በመቶ ያህሉ አንድም ጥርስ እንደሌላቸው ገለጸ። ቀጥሎም በ2030 እ.ኤ.አ. ከዓለም ሕዝብ 80 በመቶው መሠረታዊ የአፍ ሕክምና የማግኘት መብት ይኑረው የሚል ግብ ተቀመጠ። ይህ ሁሉ ሲሆን የድርጅቱ ዋና ዳይሬክተር የእኛው አገር ሰው ዶክተር ቴድሮስ አድሓኖም ነበሩ። እኚሁ ሰው በ2003 ዓ.ም. ያ የመድን ሙከራ ሲጀመር የኢትዮጵያ ጤና ጥበቃ ሚኒስትር ነበሩ። ጄኔቫ ላይ መብት የሆነው ጥርስ አዲስ አበባ ላይ ጌጥ ነበር። ሰው አገር ሲለውጥ ጥርስም ደረጃ ይለውጣል ማለት ነው?

በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን የዓለም አረጋውያን ቀን ይከበራል። አረጋውያኑ ካናቴራ ለብሰው ፀሐይ ላይ ይሰለፋሉ፣ ባለሥልጣን ንግግር ያደርጋል፣ «አረጋውያን የአገር ባለውለታ ናቸው» ይባላል፣ ጭብጨባ። ከዚያ ድፎ ዳቦ ይቆረሳል። የዳቦውን ቅርፊት ለማን እንደሚያድሉ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በሚቀጥለው መስከረም ንግግሩ ይቅርና ያ የ2003ቱ መስመር ዛሬ በየወረዳው በሚሠራበት የመድን ዝርዝር ላይ ምን ተብሎ እንደተጻፈ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት በይፋ ይለጥፍልን። ሰው ሠራሽ ጥርስን ከጌጥ መደብ አውጥቶ ከመድኃኒት ጎን ያስቀምጠዋል ወይስ አያስቀምጠውም? መልስ ካላቸው ይጻፉልን፤ ይኸው ዓምድ ሳይቆረጥ ሳይቀጠል ያወጣላቸዋል።